ከፎገራ ሜዳ እስከ ጠፈር ጣቢያ፦ ከአገሩ አየር ርቆ የሚቆይን ሰው ጤና የመጠበቅ ታሪክ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ለዘመናት ሲያወርዱት በኖሩት ደለል የተሠራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ምድር ሲሆን፣ በክረምት ውሃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ዋልካ አፈሩ በሰፋፊ ስንጥቆች ይከፋፈላል። የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ከደጋው ወደ ቆላ የሚወርደውም ከቆላ የሚመለሰውም ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት። ፎገራ በከብቱና በሩዙ እንጂ በሕክምና ታሪክ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ ይህ ሜዳና አጎራባቾቹ፣ ሰው ሰውነቱ ካልለመደው አካባቢ ገብቶ ለወራት ሲቆይ ጤናው በምን ይጠበቃል የሚለውን ጥያቄ፣ የጠፈር ሐኪሞች ከማንሣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት በራሳቸው ሕይወት ሲጋፈጡት ኖረዋል። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ዝምድና ላይ ላዩን ሲታይ የራቀ ቢመስልም፣ የሰውነት ሕግ ግን በመተማ የሰሊጥ ማሳም ሆነ ከምድር በላይ በምትዞር ጣቢያ ውስጥ አንድ ነው።

የጥንቱ ጥበቃ በጊዜና በከፍታ ላይ የተመሠረተ ነበር። የጎንደርና የአካባቢው ሕዝብ ምድሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል አዝመራን ብቻ ሳይሆን በሽታንም እየለየ ስለነበር፣ ደገኛው ቆላ የሚወርድበትን ወራት ይመርጣል፤ ከወረደም ፈጥኖ ለመመለስ ይጣጣራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የይፋግ ገበያ ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን፣ በዛሬው ሊቦ ከምከም ወረዳ የሚገኝ ነበር፤ በዚህ አካባቢ አድርገው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ የሚዘልቁ ነጋዴዎች ጉዟቸውን በበጋ ያደርጉ የነበረው ወንዞች ስለሚሞሉ ብቻ ሳይሆን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚዘልቁት ሳምንታት በቆላው ንዳድ ስለሚበረታ ጭምር ነው። ንዳድ ሲባል የነበረው ብርድ ብርድ እያሰኘ የሚያተኩሰው ሕመም በአብዛኛው ዛሬ ወባ የሚባለው በሽታ ነው። መንደርን ከረግረግ አርቆ ከፍ ባለ ቦታ መሥራት፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ መያዝ፣ ቆላ ውስጥ አለማደር፣ ሁሉም የዚሁ ልማድ ክፍሎች ነበሩ። ምክንያቱ ክፉ አየር ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ማብራሪያው ስሕተት ይሁን እንጂ፣ ደንቡ ግን በብዙ ሞት የተገዛ ትክክለኛ ዕውቀት ነበር፤ ምክንያቱም የወባ ትንኝ በሌሊት የምትነድፍ፣ ውሃ ባቆረ ቦታ የምትራባ፣ ብርድ ሲበረታ የምትመነምን ፍጥረት ናት። የበሽታው ተሕዋሲ እ.ኤ.አ. በ1880 በፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን፣ በትንኝ መተላለፉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ ሲታወቅ፣ የቆላው ደንብ ለምን ይሠራ እንደነበር ተገለጠ።

ይህ ደንብ የሚያገለግለው ግን በሽታው በቆላው እስከተወሰነ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ሲፈጅ፣ ፎገራን በመሰለ ሐይቅ ዳር ሜዳ የሚኖረው ሕዝብ ሐኪም የሚባል እንደሌለው ለመንግሥትም ግልጽ ሆነ። በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን፣ ማለትም የውሃንና የቤትን ንጽሕና የሚከታተሉ ባለሙያዎችን፣ በአንድ ቡድን አስተባብሮ ወደ ገጠር እንዲወጡ ያሠለጥን ነበር። ሐኪሙ ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛን ከመጠበቅ ይልቅ በሽታው ወደሚነሣበት መንደር እንዲሄድ የተደረገበት ይህ አሠራር፣ በዘመናዊቷ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ከታዩት ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል። ሥራው ሥር ሳይሰድ ግን ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) በዘለቁት ወራት፣ ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተከትሎት የመጣው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም የማያውቃቸውን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አገሮች ጠራርጎ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምም 150,000 የሚገመት ሰው ገደለ። ፎገራ በከፍታው በዚሁ ክልል ውስጥ ያለ ነው። ደገኛው የሞተው ደካማ ሆኖ አልነበረም፤ ለወባ ተጋልጦ የማያውቅ ሰውነት በሽታውን የሚቋቋምበት ልምድ ስለሌለው ነው።

በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ዋና መሣሪያው ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ነበር። የድርጅቱ ሠራተኞች ቤቶችን እየቆጠሩ በር ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፣ የቤቱን ግድግዳ ከውስጥ ይረጫሉ፣ ትኩሳት ካለበት ሰው ደም ወስደው ይመረምራሉ። ዘዴው የተመሠረተው ትንኟ ሰውን ከነደፈች በኋላ የጠጣችውን ደም እስክታዋህድ ግድግዳ ላይ በማረፍ ጠባይዋ ላይ ነው፤ ስለዚህም የሚጠበቀው ሰው ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ እንደሚያድር አስቀድሞ ያስባል። በሜዳው ኗሪ ላይ ይህ ግምት በአመዛኙ እውነት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ግን በሑመራ፣ ቆይቶም በመተማ፣ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ሰፋፊ እርሻዎች ሲከፈቱ፣ ከጎንደርና ከሌሎች ደጋማ አገሮች በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሰው ከግምቱ ውጭ ሆነ።

የዚህ ጉዞ ሥርዓት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። መሬቱ ያነሰበት ወይም ገና ጎጆ ያልወጣ ወጣት የራሱን ዘር ከዘራ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም ይወርዳል፤ አለዚያም በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ይደርሳል፤ ሰሊጥ ሲደርቅ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ የጉልበት ዋጋም የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። የማሽላው አጨዳ ሲጨመር ቆይታው እስከ ጥር ሊሄድ ይችላል። ሑመራ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር፣ መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው በመሆኑ፣ የፎገራ ወይም የሊቦ ሰው እዚያ ሲደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዷል፤ ከሙቀቱ በላይ ሌላ የበሽታ ዓለም ውስጥ ገብቷል። ሠራተኛው የሚያድረው በማሳው ዳር በተጣለ ዳስ ወይም በባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ የሚጠጣው ከኩሬ ወይም ከወራጅ የተቀዳ ውሃ፣ ምግቡም በአብዛኛው ከማሽላ የማይወጣ ነው፤ እባብና ጊንጥም አሉበት። ግድግዳ ስለሌለው የሚረጭለት መድኃኒት የለም፤ አጎበር ቢሰጠውም የሚሰቅልበት ምሰሶ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ወረርሽኝን በቤት ቆጠራ የሚከላከለው አሠራር እንደዚህ ያለውን ሰው በመዝገቡ ውስጥ አያገኘውም።

በተመሳሳይ ዘመን፣ በዓለም ሌላ ጫፍ፣ ጥቂት ሰዎችን ከምድር ውጭ ለማቆየት የተነሡ ሐኪሞች ይህንኑ ጥያቄ ከመሠረቱ ለመመለስ ተገደዱ። የጠፈር ሕክምና፣ ማለትም ከምድር አየርና ስበት ውጭ የሚቆይን ሰው ጤና የሚያጠናው ዘርፍ፣ መጀመሪያ ያሳሰበው ሰውየው በሕይወት መድረሱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከባዱ ነገር ቆይታውና መመለሱ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሶዩዝ 9 መንኮራኩር 18 ቀናት የቆዩት የሶቪየት ጠፈርተኞች ኒኮላየቭና ሴቫስቲያኖቭ ሲመለሱ ለመቆም እንኳ ተቸግረው ነበር። የስበት ጫና የማይሰማው ሰውነት አጥንቱንና ጡንቻውን እንደማያስፈልግ ሸክም ስለሚቆጥር፣ መከላከያ ካልተደረገለት በወር ውስጥ ከዳሌ አጥንቱ አንድ ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጥግጋት ያጣል። ይህን ለመግታት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚቆዩ ሰዎች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ሐኪም የነበረው ቫለሪ ፖልያኮቭ ከጥር 1994 እስከ መጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. ሚር በተባለችው ጣቢያ 437 ቀናት ቆይቶ ሲመለስ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ በእግሩ መራመዱ፣ በመካከል ባሉት ዓመታት የተገኘውን ዕውቀት ያሳያል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተላላፊ በሽታው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአፖሎ 7 ተጓዦች በጉዞ ላይ ሳሉ ጉንፋን ያዛቸው፤ በ1970 ደግሞ ከአፖሎ 13 ተጓዦች አንዱ ኩፍኝ መሰል በሽታ ለያዘው ሰው ተጋልጧል ተብሎ ከመነሻው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በሌላ ተተካ። ከዚያ በኋላ፣ ከአፖሎ 14 ጀምሮ፣ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ለሦስት ሳምንታት ከብዙ ሰው ተለይተው እንዲቆዩ ተደነገገ። በመመለሻውም በኩል ከጨረቃ የመጡት የአፖሎ 11 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ለ21 ቀናት በለይቶ ማቆያ ተጠብቀዋል። ከጨረቃ አንዳችም ተሕዋሲ አልመጣም፤ ሆኖም ከሩቅ አገር የሚመለስ ሰው የሚያመጣው ነገር ለቤተሰቡና ለአገሩ ጭምር አደጋ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥንቃቄ በሕግ ሰፈረ። በዚህ መንገድ ጥበቃው በሦስት ጊዜ ተከፈለ፦ ከመሄድ በፊት፣ በቆይታ ላይ፣ ከተመለሱ በኋላ። ሦስተኛው ክፍል ዛሬ ለጠፈርተኞች የዕድሜ ልክ ክትትል ሆኗል። ወደ ሑመራ ይወርድ ለነበረው ሠራተኛ ግን በዚያው ዘመን ሦስቱም አልነበሩትም።

ዋጋውም በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ታየ። ቀደም ካሉት ዓመታት ጀምሮ ከፎገራ ጋር በሚዋሰነው በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በተለይ በቡራ ቀበሌና በአካባቢው፣ ሰዎች ለወራት እያተኮሳቸው፣ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሰውነታቸው እየከሳ ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው፤ ግምቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ክሎሮኪንና ፋንሲዳር የተባሉት የወባ መድኃኒቶች ተከታትለው ኃይላቸውን አጥተው፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ወደተባለው አዲስ መድኃኒት የተሸጋገረችው በዚያው ሰሞን ነበርና። ምርመራ ሲደረግ ግን የተገኘው ካላዛር ሆነ። ካላዛር፣ እ.ኤ.አ. በ1903 በሌይሽማንና በዶኖቫን በተገለጸው ሌይሽማኒያ በተባለ ተሕዋሲ የሚመጣ፣ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ከትንኝ ያነሰች ነፍሳት ንድፊያ የሚተላለፍ፣ ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጥ፣ ደምን የሚያሳንስና ካልታከመ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚገድል በሽታ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1942 በደቡቡ የኦሞ ሸለቆ ታውቆ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ በሑመራ የእርሻ ሠራተኞች ላይ ታይቷል። ሐኪሞች የቆላ በሽታ መሆኑን ያውቁ ስለነበር ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አይፈልጉትም ነበር።

በሊቦ ከምከም በአዲስ ዘመን ከተማ ጤና ጣቢያ የጤና መሥሪያ ቤቶችና ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በጋራ ሕክምና ሲጀምሩ፣ በሽተኛው ከሊቦም ከፎገራም ይጎርፍ ጀመር፤ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የታከሙት ሰዎች ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ። የዚያን ጊዜ ዋናው መድኃኒት በየቀኑ ለ30 ቀናት በመርፌ የሚሰጥ፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል አንቲሞኒ የተባለ ማዕድን ያለበት መድኃኒት በመሆኑ፣ አንድ ገበሬ ለመዳን አንድ ወር ሙሉ ከማሳው መለየት ነበረበት። በሽታው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ አሳማኙ መልስ፣ ከሑመራና ከመተማ ሲመለሱ ተሕዋሲውን በሰውነታቸው ይዘው የገቡ ሠራተኞች ናቸው የሚለው ነው። ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው ግን ከታመሙት መካከል ከቀበሌያቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት ብዙዎች መሆናቸው ነው። ይህም በሽታው በሰዎች መመላለስ ብቻ ሳይሆን እዚያው በመንደሩ እየተላለፈ መሆኑን አረጋገጠ፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም በቆላው ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በሊቦና በፎገራ ሜዳ ተገኘች። ይህች ዝንብ በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈርና በግራር አካባቢ የምትኖር በመሆኗ፣ ሜዳው ለእርሷ ቆላውን የሚመስል ቤት ነበር፤ የጎደለው ተሕዋሲው ብቻ ሆኖ ሳለ እርሱንም የሰው ደም አደረሰላት። ከጥላ ሥር ዐረፍ ለማለት ሲሉ ግራር ሥር የሚተኙ ሰዎች ይበልጥ መጠቃታቸውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

አሁን የጠፈርና የቆላው ታሪክ በጣም የሚቀራረቡበት ነጥብ ይመጣል። በካላዛር ተሕዋሲ የተያዘ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ በብዙዎች ሰውነት ውስጥ ተሕዋሲው ተገትቶ ይኖራል፤ ረኃብ፣ ድካም ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያፈርሰው ኤችአይቪ ሲደርስ ግን ይነሣል። በሑመራና በጎንደር ለካላዛር ሕክምና ከሚመጡ ሠራተኞች ብዙዎቹ ኤችአይቪ አብሮ የያዛቸው ሆነው የተገኙት፣ በሽታቸውም እየተመለሰ ሐኪሞችን ያስቸገረው ለዚህ ነው። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነትም በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይቀሰቀሳል፤ ስለዚህ በጥቅምት መተማ የተነደፈ ሰው በጋው ሲገፋ ፎገራ ላይ ሊተኛ ይችላል። ለረዥም ጊዜ በጠፈር በሚቆዩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፦ በሕፃንነት ጉድፍ ካስያዘ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረውን ጨምሮ፣ የተኙ ቫይረሶች በጭንቀት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በአካባቢ ለውጥ ምክንያት ተነሥተው በተጓዦች ምራቅ ውስጥ ተገኝተዋል። ሁለቱም ታሪኮች የሚያስረዱት፣ ሩቅ አገር የሚቆይን ሰው የሚያሳምመው እዚያ የሚያገኘው በሽታ ብቻ ሳይሆን፣ ከቤቱ ይዞት የሄደውም፣ ይዞት የሚመለሰውም መሆኑን ነው።

ከዚህ አንጻር ሲመዘን፣ ወደ ጠፈር የሄደው ሰው እስከ ዛሬ ከ700 ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ አብዛኛው ከመነሣቱ በፊት ተመርምሮ፣ በቆይታው ሐኪም እየተከታተለው፣ ሲመለስም ለዓመታት እየታየ ነው፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላ በየዓመቱ የሚወርደው ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ፣ ብዙው የሚሄደው ያለ ምርመራ ነው። ንጽጽሩ ተገቢ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ገንዘቡም መሣሪያውም አይወዳደርምና። ለቆላው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ግን የረቀቀ ነገር አይደለም። በጣት ደም ካላዛርን በደቂቃዎች የሚለይ የምርመራ ዘዴ ከተገኘ ቆይቷል፤ የ30 ቀኑ ሕክምናም ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ በሁለት መድኃኒት ቅንጅት ወደ 17 ቀናት አጥሯል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌይሽማኒያ ማዕከል አለ፤ በምዕራብ አርማጭሆ አብደራፊም ካላዛርንና የእባብ ንክሻን የሚያክም ጣቢያ ተቋቁሞ ብዙ ሰው አድኗል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከየቤቱ ማን ወደ ቆላ እንደወረደ፣ ማን እንደተመለሰ ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። ጥበቃው የላላው ዕውቀት ስለጠፋ ሳይሆን ከመሄድ በፊት ያለውንና ከመመለስ በኋላ ያለውን ጊዜ በቆይታው ስፍራ ካለው ሕክምና ጋር የሚያያይዝ ሥርዓት ስለዘገየ ነው፤ ለምሳሌ ከመተማ ተመልሶ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት የያዘውና ጣፊያው ያበጠ ሰው፣ ወባ ተብሎ ብቻ እንዳይሸኝ የሚያደርግ ጥያቄ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መጠየቁ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

ፎገራ ራሱ በዚህ መካከል ሌላ ታሪክ ጀምሯል። በደርግ ዘመን በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ በነበሩ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ የተስፋፋው ሩዝ፣ ውሃ የሚያቁረውን ሜዳ ከመከራ ወደ ሀብት ለውጦታል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ተቋቁሟል። የሩዝ አረም ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ከአጎራባች ደጋማ ወረዳዎች የቀን ሠራተኞች ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ ወባ የማይታወቅበት ቀዝቃዛ አገር ተወላጆች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ቆላው ፎገራ ነው፤ ሑመራ ለፎገራ ሰው እንደነበረ ሁሉ። የሚያድሩት በገበሬው አዳራሽ፣ በከብት በረት ጥግ ወይም በወረታ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ወደ ደጋቸው የሚመለሱት የወባ ትንኝ በምትበዛባቸው የመስከረምና የጥቅምት ሳምንታት ዋዜማ ወይም በመካከላቸው ነው። የወረዳው ጤና ጣቢያዎች የአጎበርና የመድኃኒት ዕቅዳቸውን የሚያወጡት በኗሪው ቁጥር እስከሆነ ድረስ የሩዙ አረም የሚያመጣው እንግዳ በዕቅዱ ውስጥ አይኖርም፤ ሲታመምም የሚታመመው ሜዳው ላይ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ወባን በማይጠረጥርበት በደጋው ቤቱ ነው።